ተለዋጭ የሌለው ሞተር

ዓርብ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 2010 ዓ.ም.

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በማግዘው የትምህርት ቤት ሮቦት ክበብ ውስጥ ያለችው ተማሪዬ አስቴር እሁድ ሮቦቷን ይዛ ለውድድር ትቀርባለች። ሞተር በየዓመቱ እየተወደደ ዘንድሮ ለክበቡ መግዛት የቻልነው አንድ ብቻ ነው። እንዳታቃጥለው ፈርቼ ሽቦውን ራሴ በየድኩት። ደንቡ ግን ሥራው ሁሉ በተማሪ እጅ ይሁን ይላል። ዛሬ ይህንኑ ነገርኳት።

«ቲቸር፣ አይጨነቁ። እኔ ነኝ የበየድኩት እላለሁ» አለች እየሳቀች። «የትልልቅ ትምህርት ቤት ልጆች መለዋወጫ በካርቶን ይዘው ነው የሚመጡት። እነሱን ማን ይጠይቃል?»

ሠላሳ አራት ዓመት የኮራጅ ወረቀት ስቀማ ኖሬ፣ በጡረታዬ ውሸት ያስተማርኳት መሰለኝ።

ቤት ገብቼ ብየዳውን ፈታሁት። ነገ ጠዋት እሷ ትበይደዋለች። እኔ አጠገቧ ቆሜ እጄን ኪሴ ውስጥ እከታለሁ። ከተቃጠለ ሌላ የለንም።