ሃምሳ ሁለት ፊደልና አራት ቀዳዳ

ዲሴምበር 14፣ ሰኞ

በረዶ። ወገቤ። ሾርባ። ሌላ ምን አለ?

ጡረታ ከወጣሁ ስምንት ወር ሆነኝ። ሠላሳ አምስት ዓመት አውቶቡስ ነድቼ አሁን የቤት ዕቃ ሆኛለሁ። ሚስቴ ቶዋኮ ዛሬ ቀኑን ሙሉ ያለችኝ ሦስት ነገር ነው፦ «ምሳ ቀርቧል»፣ «እግርህን ሰብስብ»፣ «እግርህን ሰብስብ»። የኋለኞቹን ሁለቱን መጥረጊያ ይዛ። ከሰዓት የብሩሽ ጽሕፈት የምታስተምራቸው ልጆች መጡ። እኔ እንዳላስነጥስ አፍንጫዬን ይዤ ተቀመጥኩ።

ደግነቱ ልጃችን ያዮይ ከቶኪዮ የላከችው የጨዋታ ማሽን አለ። «አባዬ፣ እማዬ እግር ሥር እንዳትገባባት» ብላ ነው የላከችው። ደፋር! ግን ተመስገን... ጆይስቲኩን ስይዝ ባለ ሰይፍ ነኝ። ጭራቅ እገድላለሁ።

ችግሩ ማሽኑ ምንም አያስታውስም። ካጠፋኸው አለቀ። ስለዚህ ከማቆምህ በፊት ጨዋታው ውስጥ ያለው ሽማግሌ መነኩሴ ሃምሳ ሁለት ፊደል ይሰጥሃል። ትርጉም የለውም፣ ዝም ብሎ ፊደል። በማግስቱ እሱን አስገብተህ ካቆምክበት ትቀጥላለህ። አንዷን ከሳትክ ግን... ዛሬ ሳትኩ። የገዛ ጽሑፌን ማንበብ አቃተኝ! የሦስት ቀን ልፋት ውኃ በላው። ተናድጄ እንጨት ላይ በተወጠረ ስስ ወረቀት የተሠራውን በራችንን በጣቴ ወጋሁት፤ ተቀደደ።

ዲሴምበር 16፣ ረቡዕ

ቶዋኮ ፊደል የሞነጫጨርኩበትን ብጣሽ ወረቀት አየችው። «ይሄን ሰው ነው የጻፈው ዶሮ ናት የጫረችው?» ነጠቀችኝ። ብሩሿን አመጣች። «በል አንብብልኝ።»

አነበብኩ፣ ጻፈች። አራት መስመር፣ በየመስመሩ አሥራ ሦስት። ሲያምር! መነኩሴው ራሱ ቢያየው ያለቅሳል።

ጽፋ ስትጨርስ የምትሄድ መስሎኝ ነበር። ቁጭ አለች። «ያ ቀንዳሙ ማነው?» «ጭራቅ ነው።» «ምን አደረገህ?» ... እኔ እንጃ። ምን አደረገኝ?

ዲሴምበር 20፣ እሑድ

አፌን ቁርጥ ያድርገው። ቶፉ የሚባለውን የአኩሪ አተር አይብ የሚሸጠው ጎረቤታችን ኢሶቤም ለካ ይህንኑ ጨዋታ ነው የሚጫወተው። «ስማ ሳዳኪቺ፣ አንተ አውቶቡስ እንጂ ሰይፍ አትችልም» አለኝ። ደሜ ፈላ። ተወራረድን። የጨዋታውን የመጨረሻ ጭራቅ፣ የጨለማውን ንጉሥ፣ ቀድሞ የገደለ ክረምቱን እሳት ዳር ይቀመጣል። የተሸነፈው የሁለቱንም ቤት ጣራ በረዶ ይጠርጋል፣ እስከ ማርች።

የሱ ጣራ የኔን ሁለት ያህላል። ወገቤስ? ማን አስቦት!

ዲሴምበር 28፣ ሰኞ

የመጨረሻው ግንብ ደጃፍ ደረስን። «ደረስን» ስል... ቶዋኮ ናት «በግራ በኩል ዙር» ያለችኝ። ነገር ግን በሞትኩ ቁጥር እየተናደድኩ በየክፍሉ የወረቀት በር ላይ ከከፈትኩት ቀዳዳ አራተኛውን ዛሬ ጨመርኩ፣ በክርኔ። «በሩ ምን በደለህ?» አለችኝ። እውነቷን ነው።

ለአዲስ ዓመት እንግዳ ስለሚመጣ እዚህ አቆምን። ፊደሎቹን ስትጽፍ አንድ ጠብታ ቀለም ወረቀቱ ላይ ወደቀ። ለኔ ምንም አይደለም፤ ለሷ ግን ነውር ነው። የተበላሸውን ጥላ በጥሩ ወረቀት እንደገና ጻፈችው። መደርደሪያው ላይ፣ ከአበባ ማስቀመጫው ሥር አኖርኩት።

ዲሴምበር 29፣ ማክሰኞ

የዓመቱ ማሳረጊያ ጽዳት። የበሮቹን ቀዳዳ ሁሉ በወረቀት ለጠፈች። «እግርህን ሰብስብ» ስድስት ጊዜ።

ጃንዋሪ 9፣ ቅዳሜ

እንግዶቹ ሄዱ፣ ወገቤ ተያዘ። የገዛ ጣራዬን በረዶ ጠርጌ! ጋደም ብያለሁ። ኢሶቤ ቶፉ ይዞልኝ መጣ። «እኔ ግንቡ ውስጥ ገብቻለሁ» አለኝ። ቶፉውን ወደ ጎን ገፋሁት።

ጃንዋሪ 15፣ ዓርብ

ጉድ ፈላ።

እንደየዓመቱ መንደርተኛው ሜዳው ላይ ተሰብስቦ የአዲስ ዓመቱን ጌጥ አቃጠለ። ልጆቹም የዓመቱን የመጀመሪያ ጽሑፋቸውን እሳቱ ውስጥ ጣሉ። ወረቀቱ ተቃጥሎ ወደ ላይ ከፍ ካለ የልጁ እጅ ጽሑፍ ያምራል ይባላል። ቶዋኮ የተማሪዎቿን ሥራ ከመደርደሪያው አፍሳ አመጣችው። አንድ በአንድ ወረወረች።

አንዱ ወረቀት ከሁሉም በላይ ወጣ። ከዛፉ በላይ! ሰዉ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። «የማን ልጅ ነው ጎበዝ!» ብዬ ጮህኩ። ቀና ብዬ ሳይ... አራት መስመር። ትርጉም የሌለው።

የኛው ነው።

እዚያው፣ ሰው ፊት፣ ጮህኩባት። «ዓይን የለሽም ወይ? የወር ሥራዬን!» ተማሪዎቿ ያያሉ። ኢሶቤ እንኳ አልሳቀም። እሷ ጥላኝ ሄደች። ቤት ገብታ ብሩሿን አጠበች፣ ሳጥኑ ውስጥ ከተተች፣ ሳጥኑን ዘጋች።

ጃንዋሪ 16፣ ቅዳሜ

«ምሳ ቀርቧል» እንኳ አላለችም። ሳህኑን አስቀምጣ ሄደች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ውርርዱ ገደል ይግባ... እሷ እንደገና ጎኔ ቁጭ ባትልስ?

ጃንዋሪ 17፣ እሑድ

ጠዋት ሽንት ቤት ቁጭ ብያለሁ። ፀሐይ በወረቀቱ በር በኩል ገባች። ቀዳዳዬ ላይ የተለጠፈው ቁራጭ ላይ ጥላ አየሁ። ፊደል ነው። ቆጠርኩ፤ አሥራ ሦስት።

ሱሪዬን በግማሽ ይዤ ወጣሁ። «ቶዋኮ! ቶዋኮ!» ቤቱ የተቃጠለ መስሏት ሮጣ መጣች። አሳየኋት። አፏን ያዘች። ቀለም የነካውን ያንን ወረቀት አልጣለችውም ለካ! በየመስመሩ ቆርጣ ቀዳዳ ለጥፋበታለች። አራት መስመር፣ አራት ቀዳዳ። በንዴቴ የከፈትኳቸው አራቱም! አንዱ ሽንት ቤት፣ ሁለቱ ሳሎን፣ አንዱ ጓዳ።

«የትኛው ይቀድማል?» አልኳት። እንደ ሞኝ አየችኝ። «ብሩሹ እየደረቀ ሲሄድ ቀለሙ ይሳሳል፤ በጣም የጠቆረው የመጀመሪያው ነው።» ይቺ ሴት! አርባ ዓመት አብሬያት ኖሬ ይህን አላውቅም።

ያኔ ነው የነገርኳት። «የዓርቡን... አጥፍቻለሁ። ሰው ፊት እንዲያ ማለት አልነበረብኝም።» ሳጥኑን ከፍታ ብሩሿን አወጣች። «ሽንት ቤት ግባና አንብብልኝ።» ገባሁ።

አንዲት ፊደል ብቻ ጠብታው ውጧታል። ጨዋታው ከሚጠቀምባቸው ስልሳ አራት ፊደላት አንዷ ናት። በየተራ መሞከር ነው፤ በየሙከራው ሃምሳ ሁለቱንም እንደ አዲስ እያስገቡ። ዛሬ ሃያ አንዱን ሞከርን። መነኩሴው «ስህተት ነው» ባለ ቁጥር ቶዋኮ ስድብ ታወርድበታለች። እንዲህ ዓይነት ስድብ ከየት ተማረች?

ጃንዋሪ 18፣ ሰኞ

ጠዋት ደጃችን ላይ ቶፉ ሲሸጥ የሚነፋው ጥሩምባ ተሰማ። ኢሶቤ ነው፤ ቶፉ ግን አልያዘም። «ገደልኩት! የጨለማውን ንጉሥ ገደልኩት!» ሰፈሩ ሁሉ በመስኮት ብቅ አለ። ተሸነፍኩ። እስከ ማርች!

ከንጋት ጀምሮ ስንሞክርበት የነበረውን ማሽን በቃ ብዬ ላጠፋ ስል ቶዋኮ እጄን መታችኝ። «ምን ሆነሃል? ገና አርባ ሁለተኛው ላይ ነን።»

በአርባ ሰባተኛው መነኩሴው «እንኳን ደህና መጣህ» አለ። ቶዋኮ ጮኸች። እኔ... አቧራ ዓይኔ ገባ።

ጃንዋሪ 24፣ እሑድ

ንጉሡ ሞተ። በግራ ዞርን፣ ሞተ። ቶዋኮ ብሩሿን አዘጋጅታ ጠበቀች። «የዛሬው ፊደልስ?» የለም አልኳት፣ አልቋል። ብሩሹን እንደያዘች ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋች። «እንዲህ ነው እንዴ የሚያልቀው?»

እኔ ማሽኑን አጠፋሁ፣ እሷ ብሩሿን አጠበች።

ፌብሩዋሪ 2፣ ማክሰኞ

የኢሶቤን ጣራ እየጠረግሁ ነው የዋልኩት። እሱ ታች ቆሞ ሻይ ይጠጣል። «ቀኙን ረሳኸው፣ ሾፌር!» ወገቤ ሊቆረጥ ነው።

በዚህ መሃል የኛ መስኮት ተከፈተ። ቶዋኮ ጆይስቲኩን እንደያዘች አንገቷን አወጣች። «አንተ ሰውዬ፣ ቀንዳሙ ሊጨርሰኝ ነው፣ ቶሎ ውረድ!» ከመጀመሪያው ጀምራለች፣ በራሷ። የባለ ሰይፏን ስም ሳዳኪቺ አለችው፤ ቀኑን ሙሉ ይሞትባታል።

ኢሶቤን ሻዩ ትን አለው። አካፋዬን አስታቅፌው ወረድኩ።

ገባሁ። እንደ ልማዴ ከሥሩ ማሞቂያ ባለው ጠረጴዛችን ዳር እግሬን ሰብስቤ ቁጭ አልኩ። ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል፦

«እግርህን ዘርጋ፣ በርዶሃል» አለችኝ።