ከደረቅ ግድግዳ እስከ እርጥብ ወረቀት፦ የአቶ ጀሊል ኢብሳ ሕይወት

ሐሙስ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም. ከዐስር ሶላት በፊት፣ ደማም ውስጥ በሚገኝ የጀናዛ ማጠቢያ ቤት፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሙንታሃ ሙሐመድአወል፣ ልጆቻቸው ዋርዳና ባሲም፣ የረጅም ዘመን የሥራ ባልደረባቸው አቶ ጉደታ እንዲሁም ከኾበሩ የዐቅረቢያ ሰፈር የመጡ ጎረቤቶች ተገኝተው ነበር። በነጭ ከፈን ተጠቅልለው መካከላቸው የተኙት አቶ ጀሊል ኢብሳ ነበሩ። ለሚያውቋቸውም ለማያውቋቸውም ማን እንደነበሩ ባጭሩ እነሆ።

አቶ ጀሊል ከአባታቸው ከአቶ ኢብሳና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሁመይራ በ1972 ዓ.ም. በወሎ፣ ባቲ ከተማ አጠገብ ተወለዱ። አባታቸው በባቲ ገበያ ግመል የሚያሻሽጡ ደላላ ነበሩ። አቶ ጀሊል እስከ ስምንተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ ኮምቦልቻ ሄደው ከአንድ ሽማግሌ ቀለም ቀቢ ዘንድ ሙያ ለመዱ። ሽማግሌው በመጀመሪያው ቀን ያስተማሯቸው አንድ ነገር ነበር፤ «እርጥብ ግድግዳ ላይ ብሩሽ አታሳርፍ፤ ያዋርድሃል።» አቶ ጀሊል ይህን ቃል እንደ አደራ ጠበቁት።

በ1998 ዓ.ም. በሥራ ቪዛ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ መጡ። ከዚያ ወዲህ በደማምና በኾበር ያልገቡበት ቪላ አለ ለማለት ያስቸግራል። ስቱኮ ይለስናሉ፣ በአሸዋ ወረቀት ይሞርዳሉ፣ አቧራውን ይጠርጋሉ፣ እስኪደርቅ ይጠብቃሉ፣ ይቀባሉ። አቶ ጉደታ «ጀሊል የቀባው ግድግዳ ላይ ዝንብ ብታርፍ ትንሸራተታለች» ይሉ ነበር። የራሳቸውን ሥራ ግን እያደር እንጂ ባንድ ጊዜ አመስግነው አያውቁም። በማግስቱ ተመልሰው፣ ደርቆ ካላዩት «ጥሩ ነው» አይሉም።

በ2009 ዓ.ም. በደማም አል ሙሐመዲያ ሰፈር ለብዙ ዘመን የኖሩትን የአቶ ሙሐመድአወልን ልጅ፣ ወይዘሮ ሙንታሃን አገቡ። በ2011 ዓ.ም. ዋርዳን፣ በ2013 ዓ.ም. ባሲምን ወለዱ። ወይዘሮ ሙንታሃ እዚሁ ደማም ተወልደው ያደጉ በመሆናቸው የልጆቹ አፍ በዐረብኛ ተፈታ። የአቶ ጀሊል ዐረብኛ የሥራ ቦታ ዐረብኛ ነበር። «ጂብ፣ ሹፍ፣ ኸላስ፣ ማፊ ሙሽኪላ»፤ አምጣ፣ እይ፣ አለቀ፣ ችግር የለም ከማለት አያልፍም። በዚህ ግድግዳ ይቀባል እንጂ ልጅ አያጫውቱበትም። ጎህ ሳይቀድ ወጥተው ልጆቹ ከተኙ በኋላ ይመለሳሉ። ዓርብ ሲደርስ ደግሞ ድካሙ ይጥላቸውና ቀኑን በእንቅልፍ ያሳልፉታል።

ባሲም አፉን ሲፈታ አባቱን «ዐሞ» ብሎ ጠራቸው፤ አጎቴ ማለት ነው። ባቃላ የሚሉትን የሰፈሩን ሱቅ ባለቤትም የሚጠራው እንዲሁ ነበር። እናቱ «ባባ በል እንጂ!» ሲሉት አሰብ አድርጎ «እሺ፣ ዐሞ ባባ» አለ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። አቶ ጀሊልም ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ከጥርስ አላለፈም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከዚህ ዓለም የፈለጉት አንድ ነገር እንደነበር ወይዘሮ ሙንታሃ ይመሰክራሉ። ልጃቸው ማንም ሳያስታውሰው ባባ እንዲላቸው ነበር።

በ2016 ዓ.ም. ሳል ጀመራቸው። በኒስፍ አልቀመር የባሕር ዳር ቤቶችን ሲቀቡ አንድ ቀን ሳሉ ከመሰላል አወረዳቸው። ፎርማኑ ፊቱን እንኳ ሳያዞር ለረዳቱ «ኸሊህ ይምሺ» አለው። «ተወው፣ ይሂድ» ማለት ነው። አቶ ጀሊል ብሩሻቸውን አጥበው፣ በጨርቅ ጠቅልለው፣ ወደ ዐቅረቢያ ቤታቸው ተመለሱ። ለብዙ ሳምንታት ግድግዳ ሲያዩ ዋሉ።

ወይዘሮ ሙንታሃ በአል ሙሐመዲያ በአንድ መዋዕለ ሕፃናት በጽዳት ሥራ ይተዳደራሉ። እዚያ አንዲት አስተማሪ ሕፃናቱን በእርጥብ ወረቀት ላይ በውኃ ቀለም ስታስቀባ ያዩ ነበር። ከተረፈው ወፍራም ወረቀት ለምነው ወደ ቤት አመጡና «ቀቢ አይደለህ? እንግዲህ ከልጆችህ ጋር ቅባ» አሏቸው።

አቶ ጀሊል እንደ ሙያቸው አደረጉ። ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ በፕላስተር ወጠሩ፣ በእርሳስ መስመር አሰመሩ፣ ልጆቹ እንዳይነኩት ከለከሉ። ዋርዳ ወረቀቱ መጀመሪያ መራስ እንዳለበት እናቷ ነግረዋት ስለነበር «ሞያ! ባባ፣ ሞያ!» እያለች ጮኸች። ውኃ ማለቷ ነው። አቶ ጀሊል ባማርኛ «ሞያማ ከእኔ ወዲያ ላሳር!» ብለው ቀለዱ። ቀልዱን ከልጆቹ የገባው አልነበረም።

ወይዘሮ ሙንታሃ ወረቀቱን ነቅለው ውኃ ውስጥ ነከሩት፤ አውጥተውም ወለሉ ላይ ባጋደሙት አሮጌ የቁም ሳጥን በር ላይ አነጠፉት። ዋርዳ በእርጥብ ስፖንጅ ዳበሰችው። አቶ ጀሊል በብሩሽ ጫፍ ቢጫ ጠብ አደረጉ። ቢጫው ያዙኝ ልቀቁኝ ብሎ ተሰራጨ። የሽማግሌው ቃል ትዝ ሳይላቸው አልቀረም፤ ጨርቅ አንስተው ሊያቆሙት ሲሉ ዋርዳ እጃቸውን ያዘች። «ኸሊህ ባባ፣ ይምሺ!» አለቻቸው።

ከሥራ የተባረሩበት ቃል ነበር። አቶ ጀሊል ጨርቁን አስቀመጡት። ቢጫው እየሳሳ ሄዶ የወረቀቱ ዳር ሲደርስ ቆመ።

ከዚያ በኋላ ዓርብ ዓርብ የቀለም ቀን ሆነ። አቶ ጀሊል ብዙ ቀለም አያቀርቡም ነበር። መጀመሪያ ቢጫ ብቻ፤ ልጆቹ ቢጫን በደንብ ሲያውቁት ሰማያዊ። ቀለሙን በማርማላታ ጠርሙስ ያቀጥኑታል። ብሩሹ ታጥቦ በስፖንጅ ሳይጠረግ ሌላ ቀለም አይነካም። የቧንቧው ውኃ ጨዋማ ስለሆነ ሲደርቅ ነጭ ነጥብ ይተዋል፤ ስለዚህ የሚጠጣውን ውኃ ያፈሱበታል። ወረቀቱ ቶሎ እንዳይደርቅ ደግሞ ኤሲውን ያጠፋሉ። ወይዘሮ ሙንታሃ «በነሐሴ ኤሲ አጥፍቶ፣ የሚጠጣ ውኃ ለቀለም የሚደፋ ሰው አግብቼ!» እያሉ ያማርሩ ነበር፤ ግን ውኃውን የሚያቀርቡት ራሳቸው ነበሩ።

አቶ ጉደታ ሊጠይቁ መጥተው ይህን ሲያዩ «አንተ ሰውዬ፣ አንድ ጠብታ ባንጠባጥብ ከነዘሬ ስትሰድበኝ ኖረህ፣ ዛሬ ጎርፍ ትለቃለህ?» አሏቸው። አቶ ጀሊልም «ያኔ አላወቅኩም» ብለው መለሱ። ስዕሉ ምን እንደሆነ ማንም ልጆቹን እንዲጠይቅ አይፈቅዱም ነበር። ለሚጠይቅ ጎረቤት «እርጥብ ነው፤ ሲደርቅ ይመለሱ» ይሉታል። በዚህ መካከል ልጆቹ «ቢጫ» ማለትን፣ «እርጥብ» ማለትን፣ «ቀስ» ማለትን ተማሩ። እሳቸውም ከፎርማን አፍ ሰምተውት የማያውቁትን ዐረብኛ ከልጆቻቸው ተማሩ።

በ2017 ዓ.ም. ክረምት ሕመማቸው በረታ። ሐኪሙ «ፋይብሮሲስ» አለው፤ አስተርጓሚዋም ሳንባቸው እየደረቀ መሆኑን ነገረቻቸው። አቶ ጀሊል «መድረቅማ የለመድኩት ነው» አሉ። በአንድ ዓርብ ብሩሽ መያዝ አቅቷቸው፣ አፍንጫቸው ላይ የኦክስጅን ቱቦ እንዳለ፣ ስፖንጅ ብቻ ይዘው ተቀመጡ። ባሲም ሰማያዊውን ጠብ አደረገው። ሰማያዊው ጥቂት ሄዶ፣ ወደ ቢጫው ሳይደርስ፣ መንገድ ላይ ቀረ። ባሲም ጎንበስ ብሎ አየውና «ተዕባን» አለ፤ ደክሞታል ማለቱ ነው። ቀጥሎም ወደ ማንም ሳይዞር «ሚስል ባባ» አለ። እንደ ባባ።

አቶ ጀሊል ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። ቆየት ብለው ስፖንጁን በወረቀቱ ላይ ጨመቁለት፤ ሰማያዊው መንገዱን ቀጠለ። ባሲም ከዚያ ወዲህ ዐሞ ብሎ ጠርቷቸው አያውቅም።

አቶ ጀሊል ማክሰኞ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. ንጋት ላይ ኾበር ውስጥ በሚገኝ ሆስፒታል በተወለዱ በ46 ዓመታቸው ወደ አኼራ ሄዱ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ እንዲሁም ባቲ ያሉትን እናታቸውን ወይዘሮ ሁመይራን ትተው አልፈዋል።

ሐሙስ ዕለት የሶላቱ ሰዓት ሲቃረብ፣ ሰዎቹ ጀናዛውን ለማንሳት ቢዘጋጁም ወይዘሮ ሙንታሃ የከፈኑን ጫፍ ይዘው አልለቀቁም። ሽማግሌዎቹ «ሶብር አድርጊ ልጄ» ቢሏቸውም እጃቸው አልላላም። አቶ ጉደታ ፊታቸውን አዞሩ። አስገድዶ የሚያስለቅቃቸው ሰው አልተገኘም። በዚህ ጊዜ ዋርዳ ተጠግታ የእናቷን እጅ ያዘች። «ማማ፣ ኸሊህ፣ ይምሺ» አለቻቸው።

ወይዘሮ ሙንታሃ ለቀቁ። አቶ ጀሊል ከዐስር ሶላት በኋላ ደማም ተቀበሩ።

አላህ ቀብራቸውን ያስፋላቸው፤ የደከመ ጎናቸውን በጀነት ያሳርፍላቸው፤ ለቤተሰቦቻቸውም ሶብር ይስጣቸው። አሚን።

በማግስቱ ዓርብ ባሲም ኤሲውን አጠፋ፤ ዋርዳ ወረቀት ነከረች።