የኋላ መቀመጫ የሌላት ብስክሌት

አስካልዬ፣ የልቤ ሰው፤

ከተለየሽኝ እነሆ ሙት ዓመትሽ ሊደርስ ነው። አንቺ ባለሽበት ድካም የለም ይላሉ፤ እኔ ግን ደክሞኛል። ጠዋት ጤና ጣቢያ ገብቼ ቁስል አጥባለሁ፣ መርፌ እወጋለሁ፤ ማታ የቤታችንን በር ከፍቼ ብቻዬን እገባለሁ። የደጃፋችን ሎሚ አፍርቶ ነበር፤ የሚለቅመው ጠፍቶ ከሥሩ ረግፏል። ጥቁር ልብሴን እስካሁን አላወለቅሁም።

ወንድምሽ ተሾመ ከድሬዳዋ መጥቶ ነበር። በየሳምንቱ እናትሽ ያሉበት መሰላ እየሄድሁ በሽተኛ ማየቴን መተዌን ሰምቶ ኖሯል። ባልሄድ ሰው እንደሚጎዳ መች አጣሁት፤ ግን ያቺን አሮጌ ብስክሌታችንን አውጥቼ፣ አንቺ እናትሽን ለመጠየቅ ስትሄጂ የምትቀመጪበትን ባዶ ቦታ ከኋላዬ ይዤ መንዳት አቃተኝ። ተሾመ "እንዲህማ እህቴን ተከትለህ መሄድህ ነው" አለና፣ አዲስ የእሽቅድምድም ብስክሌት እስከ ሚኤሶ በባቡር፣ ከዚያ በጭነት መኪና አምጥቶ ደጄ ላይ አቆመልኝ።

ብታያት ትስቂ ነበር። ቀይ ናት፤ በአንድ እጅ ትነሣለች። ጎማዋ ቀጭን፣ መሪዋ እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የታጠፈ። ጠጠር በነካች ቁጥር እስከ ጥርሴ ድረስ ይሰማኛል። ገና ረገጥ ሳደርጋት ግን ታፈተልካለች። እውነቱን ልንገርሽ፣ ትንሽ ደስ አለኝ፤ ወዲያውም አፈርሁ። የኋላ መቀመጫ የላትም።

በመጀመሪያው ቀን ከገበያው ጫፍ አላለፍሁም። ያ መሪ ሰውን አንገቱን ያስደፋል፤ እኔ ደግሞ ጥቁር ለብሻለሁ። ጫት የምትሸጠው ጎረቤታችን ፋጡማ አይታኝ ዘንቢሏን ጥላ ሮጣ መጣችና መሪውን ጨምድዳ ያዘች። "ሐኪም፣ ቀና በል እንጂ! ወላሂ ሐዘንተኛ እንዲህ መሬት መሬት እያየ ብቻውን መንገድ አይለቀቅም። ጀባዱ፣ በርታ!" ብስክሌቷ ናት እንዲህ የምታጎነብሰኝ ብላት ማን ሊሰማኝ። ሰው ተሰበሰበ፣ አወረዱኝ፤ ሁለት ሽማግሌዎች ግራና ቀኝ ሆነው፣ ያቺን የእሽቅድምድም ብስክሌት እየገፉ፣ በቀብር እርምጃ ቤቴ አደረሱኝ። ሳቄ መጣ። ቤት ከገባሁ በኋላ ግን ፋጡማ አልተሳሳተችም አልሁ።

በማግስቱ ሰው ሳይወጣ ገና በጠዋቱ ተነሣሁ። የመሰላን መንገድ አቀበት ታስታውሻለሽ? ሥሩ ስንደርስ ሳልጠይቅሽ ትወርጂና፣ ነጠላሽን ወገብሽ ላይ አስረሽ፣ "በቅሎዬ ደከመች" እያልሽ ከኋላ ትገፊኝ ነበር። መጨረሻው ላይ ትንፋሽ ሲያጥርሽ ትለቂኛለሽ። እኔ ቀድሜ ጫፉ ላይ እወጣና "ቀስ እያልሽ ውጪ፣ አልቸኩልም" እልሽ ነበር።

አዲሲቱ ሳልወርድ አወጣችኝ። ያን አቀበት እንደዚያ ወጥቼው አላውቅም። ጫፉ ላይ ስደርስ እግሬ በራሱ ጊዜ መሬት ረገጠ፤ ዞሬ የመጣሁበትን መንገድ ማየት ጀመርሁ። ምን እያደረግሁ እንደሆነ የገባኝ ላቤ ከደረቀ በኋላ ነው። እየጠበቅሁሽ ነበር አስካልዬ። እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አለቀስሁ። ከዚያ ወደ መሰላ ወረድሁ፤ በሽተኞቹ ተሰልፈው ነበር። እናትሽም ደህና ናቸው፤ ብስክሌቷን ዙሪያዋን አይተው "ልጄ የት ልትቀመጥ ነው?" አሉ።

ከእንግዲህ በየሳምንቱ እሄዳለሁ። ሙት ዓመትሽ ሲወጣ ጥቁሩንም አወልቃለሁ። ያን ጫፍ ግን በሕይወት እስካለሁ ሳልቆም አላልፈውም። መንገደኛ ምን ትጠብቃለህ ቢለኝ ትንፋሼን ልሰብስብ ብዬ ነው እለዋለሁ።

አንቺ ቀስ እያልሽ ውጪ። አልቸኩልም።