ታጋሿ ብራይዲን ስለ መሸጣችንና ስለ አራቱ ሚስማሮችዎ

ለተከበሩ ሚስተር ፊንታን ጌራቲ፣
የባሊቮሪን ሰበካ አዳራሽ ኮሚቴ ሊቀ መንበር፣ እንዲሁም የፈረሳችን የታጋሿ ብራይዲ ባለቤቶች ማኅበር መሥራችና ቃል አቀባይ፣

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ደረጃውን በአንድ እጅ ብቻ ተደግፈው ሲወርዱ አይቼ ከልብ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ሌላውን እጅዎን ለመዶሻ እያሳረፉት እንደነበረ የገባኝ ግን ሰኞ ጠዋት የአዳራሹ በር ላይ የተቸነከረውን ወረቀት ሳነብ ነው።

እኔ ዲምፕና ሃንራሃን፣ በወተት ማኅበሩ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሚዛን ላይ ቆሜ የዚህን አካባቢ ገበሬ ወተት፣ የእርስዎንም ወተት ከነውሃው የመዘንኩ ጡረተኛ፣ ይህን ደብዳቤ በሥጋ ቤቱ መስኮት ላይ የለጠፍኩት ክቡርነትዎን ለማሳጣት አይደለም። የእኛን ጉዳይ በር ላይ ስለ ለጠፉት፣ መልሱም ከዚያ ባነሰ ቦታ ቢቀመጥ ክብርዎን የሚነካ መስሎኝ ነው። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ሲሆን፣ እሱም የማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ትምህርታችን የአዳራሹ ቁልፍ እንዲመለስለት ነው። ቅሬታዎቼን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ሚስማሮቹ። አንድ ወረቀት በአንድ ሚስማር ይያዛል። እርስዎ ግን አራት በመምታትዎ ነፋሱ እንዳይወስደው አድርገዋልና አመሰግናለሁ። ኮሚቴው እኛን ከአዳራሹ ያባረረበትን የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ከነፊርማው አሟልተው ስለ ለጠፉልን፣ ዝናብ ላይ ቆሜ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው አንብቤዋለሁ። እንዲህ ተጠንቅቆ ያነበበው ሌላ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ፤ ከፈራሚዎቹም ጭምር።

ሁለተኛ፣ ወረቀቱ ትምህርታችንን “የቁማር ጉድጓድ” ስለ ማለቱ። በጉድጓዱ ውስጥ የምንገኘው አምስት ሰዎች ስንሆን የሁላችን ዕድሜ ሲደመር ሦስት መቶ ስልሳ ሁለት ነው። የምናጠናውም የፈረስ ውርርድ ንግድ እንዲህ ያለ ነው፦ ፈረሶች ከመሮጣቸው በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት የእያንዳንዱ ፈረስ የማሸነፍ ተስፋ በኮምፒውተሩ ገበያ ላይ እንደ ድንች ይሸጣል፣ ይገዛል። ብዙ ሰው ሲፈልገው ይወደዳል፣ ሰው ሲሸሸው ይረክሳል። የእኛ ሥራ ተስፋው ሲወደድ ሸጦ ሲረክስ መልሶ መግዛት፣ ከዚያም ፈረሶቹ ሳይነሱ ጠቅልሎ መውጣት ነው። በትክክል የሠራ ሰው የትኛውም ፈረስ ቢያሸንፍ ያችኑ ትንሽ ትርፍ ያገኛል፤ ያበላሸም የትኛውም ቢያሸንፍ ያችኑ ትንሽ ኪሳራ ይቀበላል። እኔ ራሴ ይህን ከአንድ እንግሊዛዊ ወጣት ቪዲዮ ላይ ሁለት ክረምት ሙሉ እየተሳሳትኩ ነው የተማርኩት።

ማስተማሩ ደግሞ ከመማሩ ይከብዳል። ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሾፌር ማላኪ ቶቢን፣ በመጀመሪያው ቀን ተስፋውን በርካሽ የገዛው አንድ ግራጫ ፈረስ ከቴሌቪዥኑ ውስጥ አየኝ ብሎ አልሸጥም አለ። “ዓይን ለዓይን ተያይተን? እንዴት አድርጌ ነው የምሸጠው? ነውር አይደለም እንዴ?” እያለ ሲከራከር ፈረሶቹ ተነሡ። ማላኪ መውጣቱን ረሳ፤ ግራጫውም አሸነፈ። ወንበር ላይ ቆሞ ሲጨፍር ክቡርነትዎ ቢያዩት ኖሮ “ጉድጓድ” የሚለው ቃል ትንሽ ይመቸው ነበር። በእኛ ሕግ ግን ረስቶ ያሸነፈ ሰው ረስቶ ከተሸነፈው የባሰ ጥፋተኛ ነው፤ ይለምድበታልና። ስለዚህ ማላኪ አንድ ወር ሙሉ ስኒ አጥቧል። ያጠበውም፣ ሲነኩት በሚነዝረው በዚያ አሮጌ የሻይ ውሃ ማፍያ ውሃ እያሞቀ ነው። ማፍያው እንዲለወጥ ሦስት ጊዜ አመልክተን “በጥናት ላይ ነው” የሚል መልስ አግኝተናል። ጥናቱ ሦስት ዓመት የፈጀው ጥልቀት ስላለው መሆኑን አንጠራጠርም።

ሦስተኛ፣ ስለ ክህደታችን። እዚህ ላይ ክሱ እውነት ነው። ታጋሿ ብራይዲን ሸጠናታል።

እንደሚታወሰው ይህችን ቡናማ ባዝራ ሃያ የሰበካው ሰዎች በእርስዎ መሪነት በጋራ ገዝተዋል፤ ማላኪም የኋላ ግራ እግሯን ሩብ ያህል አለው ይባላል። በተወዳደረችበት ማክሰኞ ጠዋት ክቡርነትዎ በአካባቢው ሬዲዮ ቀርበው “ዛሬ እሷን ያልደገፈ ሰው ባሊቮሪን ተወለድኩ እንዳይል” ብለው ነበር። ሰውም ሰማዎት። ሰበካው በሙሉ በአንድ ጊዜ ተስፋ ገዛ፤ ተስፋዋም በሕይወቴ አይቼው የማላውቀው ዋጋ ላይ ወጣ። እርስዎ አውቶቡስ ሞልተው ወደ ሜዳው ሲሄዱ እኛ አምስታችን አዳራሹ ውስጥ ያንን ዋጋ እያየን ተፋጠጥን።

ቀድማ የተናገረችው ኮንሴፕታ ሬዲ ናት። “እኔ እወዳታለሁ። ግን በዚህ ዋጋ እናቴም ብትሮጥ አልገዛትም” አለች።

“እግሯን እኮ ገዝቻለሁ” አለ ማላኪ።

“አንተ የገዛኸው እግሯን ነው። የምንሸጠው ተስፋዋን ነው። እግሯ የትም አይሄድም” አለችው፤ በኋላ እንደታየው በዚህም ልክ ነበረች።

ሸጥን። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ባዝራዋ ለእይታ ስትዞር ላብ አጠመቃት፤ አራት እግሯን ተክላም ንቅንቅ አልልም አለች። ፈረስ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ሲሸሻት ተስፋዋ ረከሰ፤ እኛም በርካሽ መልሰን ገዝተን፣ ውድድሩ ሊጀመር አምስት ደቂቃ ሲቀረው ጨርሰን ወጣን። ከዚያ ቴሌቪዥኑን ከበን ጉሮሯችን እስኪዘጋ ጮኽንላት። ብታሸንፍም ባታሸንፍም ለእኛ አንድ ነበር፤ ስለዚህ ከሰበካው ሰው ሁሉ ለፍቅር ብቻ የጮኸላት ይህ የከዳተኞች ክፍል ነው። እሷ ሁለተኛው የሚዘለል የአጥር መሰናክል ጋ ስትደርስ ቆመች፤ አጥሩን በትዕግሥት ተመለከተችው፤ ዞራም ወደ መጣችበት ሄደች።

ማላኪ ምስጢር የሚይዝ ሰው ስላልሆነ በማግስቱ ሥጋ ቤት ወረፋ ላይ ሆኖ ሁሉንም ተናገረ። ክቡርነትዎም የበግ ጎድንዎን ባንኮኒው ላይ ትተው ወደ እኔ መጡ።

“ዲምፕና፣ የገዛ ፈረሳችንን ሸጣችኋት?”

“ፊንታን፣ አልተሸጠችም እኮ። በረቷ ውስጥ ድርቆሽ እየበላች ነው።”

“ይሁዳም እንዲሁ ነው ያለው” አሉኝ። ይሁዳ በረት እንደነበረው አላውቅም ነበርና ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ።

አራተኛ፣ ስለ ኮንሴፕታ። ባሏ ዶናል ከሞተ ሁለት ዓመት ሆነው። የቀብሩ ዕለት የሸክላ ሳህን አበድሬያት ነበር። ከዚያ በኋላ አሥራ አራት ወር ሙሉ የመንገድ ዳሩ መጋረጃዋ አልተከፈተም። አንድ ማክሰኞ ሳህኑን ልትመልስልኝ አዳራሹ ድረስ መጣች፤ ማላኪ ሲሳሳት አየች፤ “እንዴ፣ ይህ ሰውዬ ምን እያደረገ ነው?” ብላ ኮቷን አወለቀች። ያን ቀን ከክፍሉ የወጣችው መብራት ስናጠፋ ነው። ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ ማክሰኞ ከንፈሯን ተቀብታ፣ የፈረሶቹን ዝርዝር በሚያምር ጽሕፈቷ ገልብጣ፣ ከሁላችን ቀድማ በሩ ላይ ትቆማለች። ባለፈው ማክሰኞም መጥታ ሚስማሮችዎን አገኘች። እኔ ከሰዓት በኋላ በቤቷ በኩል ሳልፍ መጋረጃው ተዘግቷል። ክቡር ሊቀ መንበር፣ በዚህ አንቀጽ አልቀለድኩም። አዝኛለሁ፤ በእርስዎም በጣም ተናድጃለሁ።

አምስተኛ ቅሬታ ነበረኝ፤ ስለ ጉልበትዎ ስል ትቼዋለሁ።

በመጨረሻም ክቡርነትዎ ስለ ፈረስ ያለዎት እውቀት፣ በሬዲዮ ያለዎት ድምፅና በሰው ተስፋ ዋጋ ላይ ያለዎት ሥልጣን ለትምህርታችን ከማንኛውም ቪዲዮ በላይ እንደጠቀመ በአምስታችን ስም ሳልገልጽ ባልፍ ውለታ ቢስ እሆናለሁ። ባዝራዋ ዳግመኛ በምትሮጥበት ቀን አንሸጣትም፤ የሚገዛት አናገኝምና።

የሰበካዎ ታዛዥ፣ የወተትዎ መዛኝ፣ የፈረስዎም ከልብ ደጋፊ በመሆን፣ ዕድሜና ጤና፣ ቀና ጉልበትና ቀና ሚስማር ከነቤተሰብዎ እየተመኘሁ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

ዲምፕና ሃንራሃን

ድኅረ ጽሑፍ፦ በአራት ሚስማር ያጸኑት ቃለ ጉባኤ በተራ ቁጥር ሦስት እኛን ካባረረ በኋላ፣ በተራ ቁጥር አምስት ላይ እንዲህ ይላል፦ “ሰሞኑን ማንነታቸውን ሳይገልጹ ለአዳራሹ አዲስ የሻይ ውሃ ማፍያ ያበረከቱትን ደጋግ ሰዎች ኮሚቴው ያመሰግናል፤ የአዳራሹም በር ለእነዚህ ሰዎች ምንጊዜም ክፍት እንዲሆን በሊቀ መንበሩ አቅራቢነት በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።” የማፍያው ደረሰኝ እኔ ዘንድ ይገኛል። የተገዛው ከታጋሿ ብራይዲ ተስፋ ባተረፍነው ነው፤ ቀኑም እሷ ሮጣ በተመለሰች ማግስት ነው። ስለዚህ በመጪው ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ከኮንሴፕታ ጋር በሩ ላይ እንገኛለን። ሚስማሮቹን ለመንቀል መዶሻዎን ይዘው ቢመጡ ደስ ይለናል፤ ሻዩን እኛ እናፈላለን። በሕጋችን መሠረት ግን ሳያውቅ ልክ የሠራ ሰው አንድ ወር ስኒ ያጥባልና፣ እጅጌዎን ሰብስበው ይምጡ።