በኮትዎ ኪስ ስለቀረችው ጥያቄዬ

ለተከበሩ አቶ እንግዳ ወልደ ሥላሴ
የመረዳጃ ማኅበራችን ሊቀ መንበር
ካሮልተን፣ ቴክሳስ

ጥቅምት 1995 እ.ኤ.አ.

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ባለፈው ቅዳሜ በአዳራሹ ሲያለቅሱ ስላየሁዎት ዓይንዎን እንዳያምዎት ሰግቻለሁ። እኔና እናቴ ወይዘሮ አባይነሽ ዩለስ ደኅና ነን።

በቅድሚያ ስለ ሩሲያዊው አብዮተኛ ስለ ዚኖቪየቭ ለሰጡን ትምህርት አመሰግናለሁ። ከሌኒን ጋር የተሰደደው፣ ፔትሮግራድን ያስተዳደረው፣ የዓለም ኮሚኒስቶችን ማኅበር የመራው ሰው ከፓርቲው ተባርሮ፣ ጥፋቱን ካመነ ሕይወቱ እንደሚተርፍ ቃል ተገብቶለት፣ ያልሠራውን ሁሉ አምኖ መረሸኑን ተርከውልን መሐረብዎን ሲያወጡ አዳራሹ በሙሉ አዘነ። እኔም አዘንሁ።

ቀጥሎ ጥቂት ቅሬታዎቼን በትሕትና አቀርባለሁ።

1. ጥያቄ በጽሑፍ ብቻ ይቅረብ ብለው ብጣሽ ወረቀት አሳደሉን። ከቀበሌ ሊቀ መንበርነትዎ ጀምሮ የማውቀው ሥርዓትዎ ነውና ጻፍሁ። የእኔን አንብበው፣ አጥፈው፣ ኮትዎ ኪስ ከተቱና ሰዓት አልቋል አሉ። ከዚያ በኋላ ግን ስለ ሩሲያ ብርድ ለጠየቀዎት ሰው ሩብ ሰዓት ሙሉ መለሱለት።

2. የጠየቅሁት ስለ ዚኖቪየቭ አልነበረም። በ1970 ዓ.ም. እርስዎ ቀበሌ ታስሮ ስለነበረው ወንድሜ ስለ ታፈሰ ነበር። ጥፋቱን አምኖ ግለ ሂስ ከጻፈ ነገውኑ ይፈታል ብለው ለእናቴ ቃል የገቡላት እርስዎ ነዎት። እናቴ ወረቀትና እስክሪብቶ ገዝታ አስገባችለት። ጻፈ። አልተፈታም፤ አስከሬኑም አልተሰጠንም።

3. ለምን ብዬ አልጠየቅሁዎትም፤ እሱን ትቼዋለሁ። የጠየቅሁት የሞተበትን ቀን ብቻ ነው። እናቴ ተዝካሩን የምታወጣበት ቀን አጥታ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ የምትዘክረው የተያዘበትን ቀን ነው። የዚኖቪየቭን ግን ቀኑን ከነወሩ፣ ወረቀት እንኳ ሳያዩ ነገሩን። ደከመኝ፣ ክቡር ሆይ። ከስብሰባው ስመለስ እናቴ በር ላይ ቆማ ምን አለሽ አለችኝ፤ ሰዓት አለቀበት ብዬ እርስዎን እስከ መከላከል ደረስሁ።

ለማያውቁት ሩሲያዊ እንዲህ የሚራራ ልብ የሰጠዎትን አምላክ እያመሰገንሁ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ የምነሣ፣

ሰርካዲስ ኖላዊ

ማስታወሻ፦ ማኅበሩ ደብዳቤዬን በጋዜጣው አላትምም ስላለ በየሐበሻው ሱቅ በር ለጥፌዋለሁ። እናቴ ማንበብ ስለማትችል የተጻፈውን አታውቅም፤ የፊታችን ቅዳሜ ግን አብራኝ ትመጣለች። ቀበሌ ስንቅ ስታመላልስ እንደለመደችው፣ እርስዎ ሲገቡ ብድግ ትላለች። ጉልበቷን ያማታልና እባክዎ ቀኑን ነግረው ያስቀምጧት።