በረግረጉ ላይ የምትጮኸው ወፍ

ይድረስ በጁባ መንገድ መኪና ለሚነዳው ልጄ ለተስፋሚካኤል።

እንደምን ከረምክልኝ ልጄ? የዚያ አገር ሙቀት እንዴት አድርጎሃል? ወባው ተነስቶብህ ነበር ብሎ የሥራ ጓደኛህ ሹፌሩ ፍቅሩ ከነገረኝ ጀምሮ ስጸልይልህ ነው የሰነበትኩት፤ አሁንስ ለቀቀህ? እህል ትቀምሳለህ ወይስ መሪ እንደጨበጥክ በደረቅ ብስኩት ነው የምትውለው? እኔ ማታ ማታ እግሬን ከሚነዝረኝ በቀር ፈጣሪ ይመስገን አለሁ። እህትህ ልዕልትም ደህና ናት። ቤታችን ግን እንደምታውቀው አንድ ሰው ጎድሎበታል።

የምጽፍልህ በስልክ ስለማታስጨርሰኝ ነው። ስደውል ትጮሃለህ፣ ከዚያ ታለቅሳለህ፣ ከዚያ ትዘጋዋለህ። ወረቀት ላይ አይጮኽም። ፍቅሩ ነገ ጭነት ይዞ ስለሚወጣ በእጁ እልክልሃለሁ። እጄ ቀርፋፋ ስለሆነ ከሰኞ ጀምሮ ጥቂት ጥቂት እያልኩ ነው የጻፍኩት፤ ፊደሉ ቢጣመም ታገሰኝ።

ባለፈው ስትደውል «መጀመሪያ የጮኸውን ሰው ስም ብቻ ፈልጊልኝ፤ ለሙት ዓመቱ ስመጣ የቀረውን እኔ እጨርሰዋለሁ» ብለኸኛል። ስሙን አግኝቻለሁ። እንዴት እንዳገኘሁት ልንገርህ፤ እስከ መጨረሻው ሳታነብ ግን ከተቀመጥክበት እንዳትነሳ።

ነገሩን ከዚህም ከዚያም ስለሰማኸው ከሥሩ ልጀምርልህ። ወንድምህ ብሩህ አብራው ከምታስተምረው ከእድላዊትና ከጓደኞቿ ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ ከኮንዶሚኒየሙ በታች ወዳለው ረግረግ ወፍ ለማየት ይወርድ እንደነበር ታውቃለህ። የሞተ ዕለት ግን ብቻውን ወረደ። ማሳ ዳር ቆሞ ሩቁን አቅርቦ በሚያሳየው መነጽር ሲመለከት፣ ከእህሉ ውስጥ አንድ ሰው «ቀያሽ መጣ» ብሎ ጮኸ። በዚያ መንደር መነጽር ይዞ ማሳ ዳር የሚቆም ሰው መሬት የሚለካ ነው፤ ከተለካ በኋላ የሚመጣውን መፈናቀል ደግሞ አይተውታል። ዱላ ይዘው ወጡ። ወንድምህ ሮጠ። አስፋልቱ ላይ ሲደርስ ወሬው ቀድሞት «የልጅ ሌባ» ሆኖ ጠበቀው። እዚያ የያዙት ከኛው ብሎክ የወረዱ ጎረምሶች ናቸው። በድንጋይ ነው የጨረሱት። ሆስፒታል ጨርቁን ገልጬ ሳየው በግራ ጆሮው በኩል ጭንቅላቱ ወደ ውስጥ ገብቷል። ወፍን በድምፅ የሚለይበት ጆሮው የለም።

ከመቱት መካከል የታሰሩ አሉ። መጀመሪያ የጮኸው ግን አልታወቀም ነበር።

ዘንድሮ አዲስ ዓመት እንደገባ እድላዊት መጣች። «እማማ፣ ቅዳሜ እንወርዳለን፤ የብሩህን ቦታ ለፍርሃት አንተወውም። አብረውን ይምጡ» አለችኝ። በሩን ልዘጋባት ምንም አልቀረኝም። ከዚያ አሰብኩት። ያ ሰው የትም አልሄደም፤ ማሳው እዚያው ነው። እሺ አልኳት። ከብሎኩ ጀርባ ከተከመረው ድንጋይ መዳፌን የሚሞላ አንድ መርጬ በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኩ።

ፖሊስ የመለሰልንን መነጽር በአንገቴ አንጠለጠልኩ። አንዱ ዓይኑ ተሰብሯል። በደህናው ባይም ዓይኔ ደክሟልና ሁሉም ነገር ጭጋግ ሆነብኝ። እድላዊት «እንግዲያው በጆሮ ይማሩ» ብላ ድንጋይ ላይ አስቀምጣ ዓይኔን አስጨፈነችኝ። እንዲህ ነው የሚማሩት ለካ። መጀመሪያ ሁሉም አንድ ላይ ነው የሚንጫጫው፤ የገበያ ጫጫታ ይመስላል። ሲቆይ አንዱ ካንዱ ይለያል። ርግብ የምትመስለው ዋኔ አንድ ነገር ነው ደጋግማ የምትለው። ጋጋኖ የሚሉት ትልቁ ወፍ ከላይ ሲያልፍ ድምፁ ዘይት እንዳልነካው የብረት በር ነው። ዳክዬ የሚመስሉት ይብራዎች ባልና ሚስት ሆነው ይመላለሳሉ። የመስቀል ወፍ ቀይ ለብሶ ሸምበቆው ላይ ይኮራል እንጂ ድምፁ ምጣድ ላይ እንደሚንጣጣ ተልባ ነው። ታጁ የሚባለው ባለካሜራ ልጅ «እማማ፣ ይህን ካልመለሱ ፈተናውን ወድቀዋል» እያለ ይቀልድብኝ ነበር። እኔም «አንተ በፎቶ እንጂ መቼ በአፏ ታውቃታለህ» እለዋለሁ። ሲስቁ እስቃለሁ። እጄ ግን ከነጠላዬ ጫፍ አይለይም። ወፍ እየሰማሁ ሰው የምመታበትን ቦታ እመርጥ ነበር፤ ግንባሩን ነው ወይስ እንደ ልጄ ጆሮውን እያልኩ።

አንዲት እግሯ የቀጠነ ጥቁርና ነጭ ወፍ አለች። እንቁላሏን ዛፍ ላይ ሳይሆን መሬት ላይ ነው የምትጥለው። ሰው ሲቀርባት አትሸሽም፤ እየጮኸች ፊት ለፊት ትመጣለች። ላምም ቢሆን አትፈራም። የሷን ጩኸት ከሁሉ ቀድሜ ለየሁት።

በመስከረም መጨረሻ ዓይኔን ጨፍኜ ተቀምጬ ሳለ ያቺ ወፍ ጮኸች። ሌሎቹ ዝም አሉ። «ሰው እየመጣ ነው» አልኳት እድላዊትን። እሷ ገና ምንም አላየችም። ጥቂት ቆይቶ ከጤፉ መሃል ዱላ የያዙ ሰዎች ብቅ አሉ። ታጁ ካሜራውን ጃኬቱ ውስጥ ሸጎጠ። ልጆቹ ወደ ኋላ ሲሉ እኔ ተነስቼ ወደ ፊት ሄድኩ።

ከፊት ያለው ሰው ያንተ እኩያ ይሆናል። «ደግሞ ምን ልትለኩ መጣችሁ?» አለ።

«ልጄ የወደቀበትን» አልኩት።

አንገቴ ላይ ያለውን ስብር መነጽር አየ። አወቀው። ዱላውን መሬት ላይ ጣለና ቀስ ብሎ፣ ያን ቀን የጮኸው እሱ እንደሆነ ነገረኝ። የአባቱን ማሳ የለኩት ሰዎች እንዲህ ያለ ነገር ይዘው ነው የመጡት፤ አባቱ ከዚያ ወዲያ ሌላ ክረምት አላየም። «እኔ ጮህኩ እንጂ እጄን አላነሳሁም» አለኝ።

ጮህኩ እንጂ ሲለኝ ድንጋዩን ፈትቼ ግንባሩ ላይ አሳረፍኩበት። ተንበረከከ። ደሙ በዓይኑ ላይ ወረደ። ደስ አለኝ ልጄ፤ አልዋሽህም። እንደገና መታሁት፤ ትከሻው ላይ አረፈ፤ አጥንቱ ሲጮህ ሰማሁት። ከኋላው ያሉት ዱላ ሲያነሱ በእጁ ከለከላቸው። አሁንም እጄን ሳነሳ አንዲት አሮጊት ከጤፉ ውስጥ እየጮኸች ወጥታ ላዩ ላይ ወደቀች። የምትለው በኦሮምኛ ነው፤ ቃሉን አላወቅኩትም፤ ጩኸቱን ግን አወቅኩት። ሻሿ ወልቆ፣ ፊቷን ለድንጋዬ ሰጥታ ቀና ብላ አየችኝ።

ያን ጊዜ እጄ ወረደ። ምሬው አይደለም። ወንድምህ ሲወድቅ እኔ አልደረስኩም። እሷ ደረሰች።

በሳምንቱ ኦቦ ለሜሳ የሚባሉ የመንደሩ ሽማግሌ፣ ሰዎች ይዘው እቤት መጡ። ያ ሰው ግንባሩ በፋሻ እንደታሰረ በደህናው ትከሻው ትልቅ ድንጋይ ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጣ። ወጉን ታውቀዋለህ፤ ይቅርታ የሚለምን ድንጋይ ይሸከማል፤ የተበደለው «አውርድ» ካላለው አያወርድም። ኦቦ ለሜሳ «ቃሉን ለፖሊስ ሰጥቷል፤ ሕጉ የሚለውን ይቀበላል። እኛ የመጣነው ለሕጉ ሳይሆን ለእርስዎ ነው» አሉኝ። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ ያያል። ከታሰሩት ያንዱ እናት፣ ያቺ ሦስተኛ ፎቅ ያለችው፣ ደረጃው ላይ ቆማ ታለቅሳለች። እኔ «አውርድ» አላልኩም። ድንጋዩ ከትከሻው መንሸራተት ሲጀምር እናቱ፣ ያቺ አሮጊት፣ ከኋላ መጥታ ድንጋዩን በሁለት እጇ ከሥር ደገፈችለት። በሩን ዘጋሁባቸው። ደረጃውን ሲወርዱ አልወረወረውም፤ እንደተሸከመ ነው የሄደው።

ልጄ፣ ስሙን ከኔ አታገኘውም። ሌላ ሰው ብትጠይቅ ይነግርህ ይሆናል፤ እኔ ግን ሁለት ወንድ ወልጄ አንዱን ለድንጋይ ከሰጠሁ ሁለተኛውን ለወህኒ ቤት አልሰጥም። ይቅር ብያለሁ ብዬም አላታልልህም፤ ሌሊት ሌሊት እጄ ይመታዋል። ከመቀመጫህ ሥር ሽጉጥ ማስቀመጥ እንደጀመርክ ፍቅሩ ነግሮኛል፤ እሱን አትቆጣው። ሽጉጡን ለጓደኛህ ለሀይረዲን ስጠውና እሱ ደውሎ «ተቀብያለሁ» ይበለኝ። ከዚያ ባዶ እጅህን ና። ሽማግሌዎቹ የሙት ዓመቱ ዕለት ይመለሳሉ። ያ ሰውም ድንጋዩን ተሸክሞ ይመጣል። አውርድ የሚለው ሰው አንተ እንድትሆን እፈልጋለሁ። አይሆንልኝም ካልክም አብረን ዝም እንለዋለን። እየጮህኩብህ ያለሁት ዱላው ሳይነሳ በፊት ነው፤ ስማኝ።

አብረውህ ለሚኖሩት ለሀይረዲንና ለዚያድ በያሉበት ሰላም በልልኝ፤ ስትታመም ስላስታመሙህ እናታቸው ትመርቃችኋለች በላቸው። ልዕልት ጉንጭህን ስማሃለች፤ ክፍልህን ጠርጋ አልጋህን አንጥፋለች። እድላዊት፣ በአካል ባታውቃትም፣ ሰላምታ ልካልሃለች። ታጁም እንደዚሁ። የብሩህን መነጽር በሩ ጀርባ ሰቅዬዋለሁ፤ ደህናው ዓይኑ ላንተ ይሆናል።

የሀይረዲንን ስልክ እየጠበቅኩ ነው።

እናትህ የሺሐረግ

ገላን ኮንዶሚኒየም፣ አቃቂ ቃሊቲ
ጥቅምት 8 ቀን 2018 ዓ.ም.