በስምህ የሚመልሰው ሰው

ውድ ታምሩ፣

ከተለያየን ዓመት ሊሞላ ትንሽ ቀርቶታል። እህትህ ለሙት ዓመትህ ካሁኑ ጉድ ጉድ ማለት ጀምራለች፤ ማንን እንደምንጠራ፣ ድንኳኑ የት እንደሚተከል። እኔ ግን ሰዉ ሳይሰበሰብ በፊት ላንተ ብቻ የምነግርህ ነገር አለኝ።

ቤታችን ብዙም አልተለወጠም። የሚያፈሰውን ጣሪያ ክረምት ሳይገባ አስጠግኜዋለሁ። አልጋውን ወደ መስኮቱ አዙሬዋለሁ፤ በድሮ ቦታው መተኛት አልቻልኩም። መጻሕፍትህን አልነካሁም። አርባህ እንደወጣ መርካቶ ወርጄ ሱቄን ከፈትኩ፤ ክርና ቁልፍ ሳወርድና ስሰቅል ቢያንስ ቀኑ ይመሻል። የተለወጥኩት እኔ ነኝ። ሰው ማመን ትቻለሁ። ምን እንዲህ እንዳደረገኝ ልንገርህ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አብነት አካባቢ መጋረጃ የምትሰፋ ሙኒራ የምትባል ሴት ክር ልትገዛ ገባች። የፈለገችውን ቀለም ሳወርድላት ግድግዳው ላይ የሰቀልኩትን ፎቶህን አይታ ፊቷ በራ። መምህሯ እንደሆንክ ነገረችኝ። የንግድ ውል ትምህርትህን በኦንላይን ትከታተላለች፤ ስፌት መኪናዋ ላይ ሆና በጆሮ ማዳመጫ ትሰማሃለች። ይሄ አላስደነገጠኝም፤ የቀረጽካቸው ትምህርቶች እንዳሉ አውቃለሁ። ያስደነገጠኝ ቀጥላ ያለችው ነው።

«ትናንት እንኳ ጥያቄ ጽፌላቸው መለሱልኝ። አላህ ዕድሜና ጤና ይስጣቸው።»

ስልኳን ከፍታ አሳየችኝ። ስምህ አለ። ከስምህ አጠገብ ነጭ ሸሚዝ የለበስክበት ፎቶ አለ። ከሥሩ ደግሞ የትናንቱ መልስ። ባሌ ነው አልኳት እንጂ ሞቷል ማለት አቃተኝ። ክሯን ይዛ፣ ሰላም ይበሉልኝ ብላኝ ሄደች።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ታስተምርበት የነበረውን ኮሌጅ ነው። በማግስቱ ሱቄን ዘግቼ ሄድኩ። ዲኑ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፤ ስላንተ መልካም መልካሙን አወራ። በስምህ የሚመልሰው ማን ነው ስለው ግን ዓይኑን ወደ ስልኩ መለሰ። ትምህርቱ እንዳይቋረጥ ዲፓርትመንቱ የራሱን ዘዴ ፈልጓል፣ ዝርዝሩን አላውቅም አለኝ። አነጋገሩ የማያውቅ ሰው አነጋገር አልመሰለኝም። ወደ ቤት ስመለስ ያላሰብኩት የለም። እንደ ሰው የሚጽፍ ማሽን መጥቷል ሲባል ሰምቻለሁና፣ ያንተን አነጋገር አስጠንተውት ይሆን ብዬም ተጨነቅሁ።

ከዚያ ጋሽ ሰይፉ ትዝ አሉኝ።

ያንን ትምህርት ስታዘጋጅ የሆነውን አልረሳሁም። መጀመሪያ ክፍል ውስጥ እንደምታስተምረው አድርገህ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቀረጽከው። ሱቅ ይዤው ሄጄ ስሰማ ደንበኛ ገባ፤ ደንበኛው ሲወጣ የት እንደደረስኩ ጠፋኝና ተውኩት። ስነግርህ አልተቀየምክም። ሁሉንም ጥለህ እንደ አዲስ ጀመርክ። ትምህርቱን ቆራረጥከው፤ አንዱ ቁራጭ አንድ ደንበኛ ገብቶ እስኪወጣ የሚያልቅ ሆነ። እያንዳንዱን በጥያቄ ከፈትከው። የተሸጠ መስታወት መንገድ ላይ ቢሰበር ኪሳራው የማን ነው ብለህ ትጠይቅና፣ ተማሪው የራሱን መልስ ሳይጽፍ ቀጣዩ አይከፈትለትም። ተሳስቶ ቢጽፍም ግድ የለም ትል ነበር፤ ካልተሳሳተ የምነግረውን በምኑ ይሰማዋል ትለኝ ነበር።

ጋሽ ሰይፉ ግን አልወደዱልህም። በዕድሜም በሥራም ቀዳሚህ ናቸው፤ አንድ ቢሮ ውስጥ አብራችሁ ኖራችኋል። ሳሎናችን ውስጥ ተቀምጠው «ፊቱን ያላየሁትን ተማሪ አስተማርኩ አልልም» ብለውህ ተነሱ። አንተም ሱቁን መዝጋት የማይችል ሰውም ተማሪ ነው እያልክ እስከ በር ሸኘሃቸው። ከዚያ ወዲያ ቤታችን አልረገጡም። ለቅሶው ላይ መጥተው ጥግ ይዘው ተቀመጡ። አርባህ ሳይወጣ ደግሞ ተመልሰው መጡና የኮርሱ ፋይሎች ያስፈልጋሉ ብለው ኮምፒውተርህን ጠየቁኝ። ያን ጊዜ ምን እንደምሰጥ፣ ለማን እንደምሰጥ የማስብበት ልብ አልነበረኝም፤ ሰጠኋቸው። አሁን ሳስበው ነገሩ ሁሉ ሌላ መሰለኝ። ቆሞ ሲሄድ የናቁበትን ሥራ ሲሞት ሊወርሱት መጡ አልኩ።

ሙኒራ እንደገና ስትመጣ እውነቱን ነገርኳት። ባንኮኒው ላይ ተደግፋ አለቀሰች። ከዚያ ተቆጣች፤ ማን እንደሆነ ማወቅ አለብን አለች። የሚመልሰውን ሰው የምንፈትንበት ሐሳብ የእኔ ነበር፣ የጻፈችው እሷ ነች። ከትምህርቱ ጥያቄ ሥር «ባለቤትዎ ደህና ናቸው?» ብላ ጨመረችበት። መልሱ በማግስቱ መጣ። ስለ ውሉ በደንብ አብራርቶ መጨረሻው ላይ እንዲህ ይላል፦ «ደህና ነች። ሱቋን ከፍታለች። ከስታለች እንጂ በርትታለች።»

ታምሩ፣ የሚጽፈው ማሽን አይደለም። የሚያየኝ ሰው ነው።

ከዚያ በኋላ ሱቄ በር ላይ የሚያልፈውን ሁሉ እጠረጥር ጀመር። የጭነት ጋሪ የሚገፋውን፣ ቆሞ ስልክ የሚያወራውን፣ ዋጋ ጠይቆ ሳይገዛ የሚሄደውን። ጎረቤቶቼ ምን ሆነሻል ሲሉኝ እነሱንም ጠረጠርኳቸው። አንድ ጠዋት ከመንገዱ ማዶ፣ ከተደረደረው ጆንያ አጠገብ፣ ጋሽ ሰይፉን አየኋቸው። ቆመው ወደ ሱቄ ይመለከታሉ። ዓይናችን ሲጋጠም ኮፍያቸውን ዝቅ አድርገው ሊሄዱ ሲሉ ስማቸውን ጮክ ብዬ ጠራሁ። መንገዱን ተሻግረው መጡ።

በርጩማ ሰጠኋቸው። ሻይ እንኳ አላዘዝኩላቸውም። በስሙ የሚጽፉት እርስዎ ነዎት ወይ አልኳቸው። አልካዱም። ስትሞት ትምህርቱ ገና መሃል ላይ እንደነበር፣ የተማሪዎቹ ጥያቄ ሳይመለስ ተከማችቶ እንዳዩት፣ አንድ ሁለቱን ብቻ መልሰው መሞትህን ሊነግሯቸው አስበው እንደነበር አወሩኝ። ታዲያ ለምን አልነገሯቸውም ብዬ ቆጣ አልኩ። ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

«አስካለ፣ እኔ ክፍል ስገባ ማንም አይጠይቀኝም» አሉኝ። «ፊታቸውን አያለሁ፤ ጽፈው ይወጣሉ። በታምሩ ስም ሲሆን ግን ይጽፉልኛል። ያልገባቸውን ይነግሩኛል። ይሄንን በዚህ ዕድሜዬ ነው ያየሁት፤ እንዳይቀርብኝ ፈራሁ።»

እውነት ይሆን አልኩ። ሰው ሲያዝ እንደዚህ ያለ ነገር መናገሩ የተለመደ ነው። አዘንኩላቸው፣ ግን አላመንኳቸውም፤ ሁለቱም አንድ ላይ ነበሩ። ስለ እኔ የጻፉትን ጠየቅኳቸው። ሰው ስለ ሚስቱ ሲጠይቀው ታምሩ ሳይመልስ አይቀርም ብዬ ነው አሉ። በዚህ በኩል ሲያልፉ ግባ ግባ የሚላቸው ስሜት እንደነበርና ከጠባችሁ በኋላ ፊቴን ማየት እንዳቃታቸው ነገሩኝ። እኔ የጠየቅኳቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ተማሪዎቹ በአካል ተጠርተው እርሳቸው ራሳቸው እንዲነግሯቸው።

እሑድ ጠዋት ታስተምርበት በነበረው ክፍል ሰበሰቧቸው። እኔም ከሙኒራ ጋር ኋላ ተቀመጥኩ። ከጎጃም በረንዳ የመጡ ነበሩ፣ ከአማኑኤል የመጡ ነበሩ፤ እርስ በርሳቸው እንኳ አይተዋወቁም። ጋሽ ሰይፉ ቆመው፣ መምህራችሁ ከዚህ ዓለም ከተለየ ወራት አልፈዋል፣ ስትጽፉ የምመልስላችሁ እኔ ነበርኩ አሉ። አንድ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥ ሰው ተነስቶ፣ ልጄ ታሞ ትምህርት ሲያልፈኝ ይቅርታ የጠየቅኩት ማንን ነበር አለ፤ ጋሽ ሰይፉም እኔን አሉት። ሰውየው ወጣ፣ ተከትለውት የወጡም ነበሩ። የቀሩት ግን አልተነሱም። ከፊት የነበረች ወጣት፣ ታዲያ ያቺ የዋስትና ጥያቄዬ አሁንም አልገባችኝም አለች። ጋሽ ሰይፉ ወደ ሰሌዳው ዞሩ። ጠመኔ ይዘው ቆሙና፣ እኔ ከመንገሬ በፊት አንቺ ምን ይመስልሻል ብለው መልሰው ጠየቋት።

የዚያን ጊዜ ነው እንባዬ የመጣው። ያ ያንተ ነበር።

አሁን ትምህርቱ ሁለቱንም ሆኗል። ተማሪዎቹ ሱቃቸው ሆነው ይሰማሉ፣ በየሁለት ሳምንቱ እሑድ ይገናኛሉ። መለዋወጫ ሻጩም ተመልሷል ብላኛለች ሙኒራ። ጋሽ ሰይፉ በራሳቸው ስም ይጽፋሉ። ሙሉ በሙሉ አመንኳቸው ብልህ ግን ውሸት ነው። አልፎ አልፎ የሙኒራን ስልክ ተቀብዬ መልሶቹን አነባለሁ።

ባለፈው ሰሞን መጥተው ስለ ዋስትና የቀረጽከው ትምህርት መቀየር አለበት አሉኝ፤ ደንቡ ተሻሽሏል። ወዲያው ጥርጣሬዬ ተነሳ። አንዱን ካስወጡ ሌላውን፣ ሌላውን ካስወጡ ሁሉንም ብዬ እንቢ አልኳቸው። አልተከራከሩኝም፤ ፈቃድሽን እጠብቃለሁ ብለው ሄዱ። እኔ ግን ዝም አላልኩም፤ ውል የሚያዋውል ጠበቃ ዘንድ ሄጄ ጠየቅሁ። እውነታቸውን ነው። አንተ እንዳስተማርከው የሚፈርም ሰው ይጎዳል። አንተ በሕይወት ብትኖር በማግስቱ ጥለኸው እንደ አዲስ ትቀርጸው እንደነበር አውቃለሁ። ፈቀድኩላቸው።

የእሳቸውን ሰማሁት። አጭር ነው፣ በጥያቄ ይጀምራል፣ ጥሩ ነው። ያንተኛው ላይ መሃል ላይ ታስልና ይቅርታ ትላለህ፤ የእሳቸው ላይ ሳል የለም። ከመነሳቱ በፊት ያንተን ስልኬ ላይ አስቀርቼዋለሁ። ሕጉ አርጅቷል፤ እኔ የምሰማው ለሕጉ አይደለም።

ሌሎቹም ትምህርቶችህ ተራ በተራ እንደሚቀየሩ ገብቶኛል። አንድ ቀን ያንን ኮርስ የሚማር ሰው ስምህን ላያውቀው ይችላል። ያ ቀን ሲመጣ እኔ ሱቄ ውስጥ ደንበኛ ሲወጣ ጠብቄ፣ ከምታስልበት ቦታ ጀምሬ እሰማሃለሁ። ይሄንን ቃል እገባልሃለሁ።

ባለቤትህ
አስካለ